ከጎሚስታው እስከ ሥጋ ቤቱ፦ የምሥራቅ አፍሪካ አማተር የራሊ አሽከርካሪዎች አነስተኛ ስፖንሰሮችን እንዴት ያገኛሉ? እንዴትስ ያቆያሉ?

በኬንያዋ ናይቫሻ በሚካሄደው የሳፋሪ ራሊ ተመልካች አስቀድሞ የሚያየው የፋብሪካ ቡድኖችን መኪኖች ነው። የኬዶንግንና የኤልመንታይታን አቧራ ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ በአካላቸው ላይ የሚነበበውም ዓለም የሚያውቀው የኩባንያ ስም ነው። የእነርሱ አቧራ ሰከን ሲል የአገር ውስጥ ተወዳዳሪዎች ተራ ይደርሳል። ዕድሜ የጠገበ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ወይም ሚትሱቢሺ ላንሰር እያጓራ ይመጣል። በኮፈኑ ላይ የአንድ ጎማ መሸጫ፣ በኋላ በሩ ላይ የአንድ ሥጋ ቤት፣ በፓራውልቱ ላይ ደግሞ የአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ስም ተለጥፎበታል።

እነዚህን ስሞች ከሰፈራቸው ውጪ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው። መኪናውን እስከ መነሻው መስመር ያደረሱት ግን እነርሱ ናቸው።

አማተር አሽከርካሪ ከውድድር ደመወዝ አያገኝም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጋራዥ ያስተዳድራል፣ እርሻ ላይ ይውላል ወይም ተቀጥሮ ይሠራል። ለጎማና ለነዳጅ የሚያወጣው ገንዘብ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ከሚወጣበት ኪስ የሚወጣ ነው። ስፖንሰር ሲሄድ ውድድሩ ወዲያው አይቆምም፤ ወጪው ወደ ቤት ይገባል። የመኪና ሊብሬ አስይዞ መበደር በኬንያ የተለመደ በመሆኑ አንድ ያልተሳካ የውድድር ዘመን ቤተሰቡ የሚገለገልበትን መኪና ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አነስተኛ ስፖንሰር ማግኘትና ማቆየት ከስፖርቱ ጎን የሚሠራ ትርፍ ሥራ አይደለም። ብዙ ተሰጥኦ ያላቸው አሽከርካሪዎች ከስፖርቱ የሚወጡት በዚህ በኩል ሲሸነፉ ነው።

ከጅምሩ የነጋዴ ውድድር

ሳፋሪ ራሊ የተጀመረው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር (እአአ) በ1953 ለዳግማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ የዘውድ በዓል መታሰቢያ ሲሆን፣ መንገዱም ኬንያን፣ ኡጋንዳንና የያኔዋን ታንጋኒካን ያካለለ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መኪኖቹ በየምድባቸው የተከፋፈሉት በሞተር ጉልበታቸው ሳይሆን በሽልንግ በሚሸጡበት ዋጋ ነበር። በዚህ ዋጋ የገዛሁት መኪና ይህን መንገድ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ የውድድሩ እምብርት ነበር ማለት ይቻላል። የናይሮቢና የካምፓላ መኪና ሻጮችም መልሱን ለደንበኞቻቸው ለማሳየት አላመነቱም።

እአአ በ1965 ውድድሩን ያሸነፈው ጆጊንደር ሲንግ ይህን ታሪክ በሚገባ ያሳያል። ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር የነዳው ያገለገለ ቮልቮ ፒቪ 544 ነበር። መካኒክ በመሆኑ መኪናውን ያዘጋጀው በገዛ እጁ ነው። በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር ሁለት ጊዜ ደግሞ ያሸነፈው ያው ሰው ነው። የዛሬዎቹ አማተሮች የእርሱን ችሎታ ላይታደሉ ይችላሉ፤ የተነሳበት ሁኔታ ግን ለእነርሱ እንግዳ አይደለም። ያገለገለ መኪና፣ የቤተሰብ እጅና በአካባቢው የሚታወቅ ስም ነበረው።

ወጪውን መቁረስ

አንድ አሽከርካሪ የዓመቱን ወጪ ደምሮ በአንድ ቁጥር ለአንድ ባለሱቅ ቢያቀርብ ባለሱቁ ይደነግጣል። ቁጥሩ ከሱቁ ዓመታዊ ትርፍ ሊበልጥ ይችላል። ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች ስለዚህ ወጪውን ይቆርሱታል። የምዝገባ ክፍያ፣ ጎማ፣ ነዳጅ፣ የሞተር ዘይት፣ መንገዱን አስቀድሞ ለማጥናት የሚደረግ ጉዞ፣ ለመካኒኮቹ የሁለት ሌሊት አልጋ፣ የተበላሸ መኪና ጭኖ የሚመልስ ተሽከርካሪ፣ የቡድኑ ምግብ፦ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ አንድ ሰው ሊሸከመው የሚችል ነው።

ጊዜ የሚገድባቸው ወጪዎችም አሉ። በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን (ኤፍአይኤ) መለኪያ መሠረት የተሠራ የውድድር መቀመጫ ቀበቶ አንድም ጊዜ ሳይታሰር ቢቀመጥ እንኳ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ አገልግሎቱ ያበቃል፤ ቀኑም በጨርቁ ላይ ተጽፏል። ይህን ለስፖንሰር ማስረዳት ከባድ አይደለም። “ይህ ቀበቶ በታኅሣሥ ጊዜው ያልፋል፤ አዲሱ ይህን ያህል ያወጣል” የሚል ጥያቄ “ቡድናችንን ይደግፉ” ከሚለው ይልቅ ቶሎ መልስ ያገኛል። የሚጠየቀው ሰው የሚሰጠውን ነገር በዓይኑ ያየዋልና።

ጥያቄው ገንዘብ መሆን የለበትም። ጎማ ሻጭ ጎማ፣ ማደያ ነዳጅ፣ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ ቢሰጥ ለሰጪው የሚቀለው ይህ ነው፤ ዕቃው የሚወጣበት ሱቁ በገዛበት ዋጋ እንጂ በሚሸጥበት አይደለምና። ለተቀባዩ ግን ዋጋው የገበያው ሙሉ ዋጋ ነው። አነስተኛ ስፖንሰርነት ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ነው?

ጀማሪ አሽከርካሪዎች ዘወትር የሚሠሩት ስህተት ከማያውቃቸው ትልቅ ድርጅት መጀመር ነው። ደብዳቤ ወደ ባንክ፣ ወደ ቴሌኮም ኩባንያ፣ ወደ ቢራ ፋብሪካ ይላካል። መልሱ ዝምታ ነው።

የመጀመሪያው ስፖንሰር አብዛኛውን ጊዜ አሽከርካሪው ራሱ ለዓመታት ሲከፍለው የኖረ ሰው ነው። ጎማውን የሚጠግንለት ጎሚስታ፣ ላሜራውን የሚያቃናለት፣ መለዋወጫ የሚሸጥለት ሰው ያውቀዋል፤ ዕዳውን በቀኑ እንደሚከፍልም ያውቃል። በናይሮቢ ግሮጋን እየተባለ በሚጠራው የኪሪንያጋ መንገድ አካባቢ፣ በካምፓላ ደግሞ በኪሴካ ገበያ እንዲህ ያሉ ሻጮች ጎን ለጎን ተደርድረው ይሠራሉ። የአዲስ አበባን ሶማሌ ተራ ለሚያውቅ አንባቢ ሥዕሉ ቶሎ ይገባዋል። አንድ ሻጭ ከጎረቤቱ የሚለየው በሚሸጠው ዕቃ አይደለም፤ ዕቃው አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው በሚታመንበት ልክ ነው። በሱቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የራሊ መኪና ፎቶግራፍና “ይህን መኪና የምናዘጋጀው እኛ ነን” የሚል ጽሑፍ ለእንዲህ ያለ ሻጭ ትርጉም አለው።

ሁለተኛው ክበብ ከመኪና ጋር የማይገናኝ ነገር ግን ከአሽከርካሪው ሕይወት ጋር የሚገናኝ ንግድ ነው። ቡድኑ ቅዳሜ ማታ የሚበላበት ምግብ ቤት፣ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ባለቤት፣ አማቹ የሚሠራበት የውኃ ታንከር ድርጅት ከዚህ ይመደባሉ። በናይሮቢ ሀርሊንግሃምና በካምፓላ ካባላጋላ አካባቢ ምግብ ቤት የከፈቱ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ከጠረጴዛው በወዲያ በኩል የሚቀመጡ ናቸው። ለእነርሱ ጥያቄው የተገላቢጦሽ ነው፦ ይህ ወጣት የሚለውን ያደርጋል ወይ?

ሦስተኛው ክበብ በውድድሩ ከተማ የሚገኙ ነጋዴዎች ናቸው። የኬንያ ብሔራዊ ሻምፒዮና በአንድ ቦታ አይወሰንም፤ በተለያዩ ጊዜያት ናኩሩን፣ ኤልዶሬትን፣ ካጂያዶንና የባሕር ዳርቻውን አካባቢ አዳርሷል። የኤልዶሬት የእህል ነጋዴ ስለ ናይሮቢ ውድድር ደንታ ላይኖረው ይችላል። መኪናው በከተማው ሲያልፍ ስሙ እንዲታይ ግን ይፈልግ ይሆናል። ይህ ስፖንሰር የሚያገለግለው ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ መሆኑን ሁለቱም ወገኖች አስቀድመው ቢያውቁት ቅሬታ አይፈጠርም።

ጥር አይሆንም

ጥያቄው የሚቀርብበት ጊዜ ከቃላቱ አያንስም። በኬንያ ጃንዩወሪ “ንጃኑዋሪ” የሚል የቀልድ ስም ወጥቶለታል፤ “ንጃ” በስዋሂሊ ረሃብ ማለት ነው። የገና ወጪና የትምህርት ቤት ክፍያ ተደራርበው የሁሉም ኪስ ይደርቃል። በዚህ ወር ወደ ሱቅ ገብቶ ስፖንሰር መጠየቅ እምቢታን መጋበዝ ነው። በሌላ በኩል የውድድሩ ዘመን የሚጀምረው ብዙም ሳይቆይ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው ንግግር ባለሱቁ ገና ገበያ ላይ ሳለ፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር መጠናቀቅ አለበት።

ሰዓቱም ይመረጣል። ቅዳሜ ከሰዓት ጎሚስታው ፊት አሥር መኪና በተሰለፈበት መቅረብ ሥራውን አለማክበር ነው። በሳምንቱ መካከል፣ በጠዋት፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይዞ መቅረብ ይሻላል። በገጹ ላይ የመኪናው ፎቶግራፍ፣ የውድድሮቹ ቀንና ቦታ፣ የሚጠየቀው አንድ ነገርና በምትኩ የሚሰጠው ነገር ይሰፍራል። ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ ሳይነበብ መሳቢያ ውስጥ ይገባል።

ከመጠየቅ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄም አለ። ደንበኞችህ ከየት ይመጣሉ? በዓመቱ የትኛው ወር ይቀዘቅዝብሃል? ሊከፈት የታሰበ አዲስ ቅርንጫፍ አለ? አሽከርካሪው የሚሸጠውን ነገር የሚያውቀው እነዚህን መልሶች ከሰማ በኋላ ነው። ባለሱቁ የሚፈልገው ምናልባት የቅርንጫፉን መክፈቻ የሚያደምቅ መኪና ነው፤ ስሙ በስቴጅ ላይ መታየቱ ግድ ላይሰጠው ይችላል።

የሚሸጠው ቦታ የት ነው?

በራሊ መኪና ላይ ያለው ቦታ ሁሉ የአሽከርካሪው አይደለም። የፊት በሮች የውድድሩን ቁጥርና የአዘጋጁን ስፖንሰር የሚሸከሙ ናቸው። በኤፍአይኤ ደንብ በሚመሩ ውድድሮች በፊት መስታወት አናት ላይ የሚፈቀደው ጽሑፍ ቁመቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል። አዘጋጁ ተጨማሪ ማስታወቂያ እንዲለጠፍለት ሊጠይቅም ይችላል፤ ይህን ያልተቀበለ ተወዳዳሪ ከፍ ያለ የምዝገባ ክፍያ ይከፍላል። ይህን ሳያረጋግጥ በሩን ለጎማ ሻጩ ቃል የገባ አሽከርካሪ በፍተሻው ዕለት ስቲከሩን ለመላጥ ይገደዳል፤ ባለሱቁም ከቤተሰቡ ጋር ሊያየው መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ለአሽከርካሪው የሚቀሩት ኮፈኑ፣ የኋላ በሮቹና ጎኖቹ፣ ጣሪያውና ፓራውልቶቹ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በስልክ በሚነሳ ፎቶግራፍ ላይ በብዛት የሚታየው የፊቱና የጎኑ ክፍል ነው። ጣሪያው ከሄሊኮፕተር ለሚቀረጽ ካልሆነ በቀር የማንንም ስም አያስነብብም፤ አንዳንድ አሽከርካሪዎች ግን እንደ ትልቅ ቦታ ይሸጡታል። ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ካሉ አብረው አይለጠፉም። ሁለት ጎማ ሻጮችን አንድ መኪና ላይ ማሳፈር ሁለቱንም ማጣት ነው።

ወረቀትና ደረሰኝ

አነስተኛ ስፖንሰርነት የሚፈርሰው በእጅ መጨባበጥ ብቻ ሲቀር ነው። የጠበቃ ውል አያስፈልግም። ምን እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚሰጥ፣ ስሙ የት እንደሚለጠፍ፣ መኪናው ስንት ቀን በሱቁ ፊት እንደሚቆም፣ ውድድሩ ቢሰረዝ ወይም መኪናው ከጥቅም ውጪ ቢሆን ምን እንደሚደረግ የሚናገር ግማሽ ገጽ ይበቃል። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በኮቪድ ምክንያት የ2020 ሳፋሪ ራሊ ሲሰረዝ ግን ይህ ጥያቄ በሁሉም ደረጃ ያሉ ተወዳዳሪዎችን የሚመለከት ሆነ።

የግብር ጉዳይም አለ። በኬንያ ከጃንዩወሪ 2024 ወዲህ፣ ሕጉ ለይቶ ካስቀራቸው ክፍያዎች በስተቀር፣ “ኢ-ቲምስ” በሚባለው የገቢዎች ባለሥልጣን የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ወጪ ከግብር በፊት ተቀናሽ አይሆንም። ኡጋንዳም “ኢፍሪስ” የተሰኘ ተመሳሳይ ሥርዓት አላት። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ባለሱቁ ለአሽከርካሪው የሰጠውን 50 ሺህ ሽልንግ የማስታወቂያ ወጪ ብሎ በመዝገቡ ማስፈር ቢፈልግ አሽከርካሪው ሕጋዊ ደረሰኝ መቁረጥ መቻል አለበት። አነስተኛ ድርጅት አስመዝግቦ ወይም በክለቡ በኩል ደረሰኝ አዘጋጅቶ የሚቀርብ ተወዳዳሪ ከሌላው ይልቅ በሒሳብ ሠራተኛው ዘንድ ይወደዳል። በብዙ ሱቆች የመጨረሻውን ቃል የምትናገረውም የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት።

ሰኞ ጠዋት

ማግኘቱ የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ስፖንሰር የሚጠፋው በአብዛኛው አሽከርካሪው ስለተሸነፈ አይደለም፤ ከውድድሩ በኋላ ስለጠፋ ነው። ቅዳሜ መኪናው ተሰበረ፤ እሁድ ተጎትቶ ገባ፤ አሽከርካሪው በኀፍረትና በድካም ስልኩን ዘጋ። ባለሱቁ ውጤቱን የሚሰማው ከደንበኛ አፍ ነው። “ያንተ ልጅ እኮ ገና በሁለተኛው ስቴጅ ቆመ” ይሉታል። ከዚያ በኋላ በኖቬምበር የሚመጣው የዕድሳት ጥያቄ ምን መልስ እንደሚያገኝ መገመት አያዳግትም።

መሰበር በራሱ ነውር አይደለም፤ በምሥራቅ አፍሪካ ራሊ ደግሞ ከቶ አይደለም። እአአ በ1963 እና በ1968 በተካሄዱት የሳፋሪ ውድድሮች እስከ መጨረሻው የዘለቁት በየዓመቱ ሰባት መኪኖች ብቻ ነበሩ። በ1968 የተነሱት ከ90 በላይ ነበሩ። እነዚያ ሰባቶች ዛሬም በክብር ይታወሳሉ። ሌሎቹ ግን በጭቃው ውስጥ ሲቀሩ ስማቸውን የተሸከሙላቸውን ሻጮች ምን ብለዋቸው ይሆን? ታሪክ አልመዘገበውም። የዛሬ አሽከርካሪ ግን ይህን የሚመዘግብለት ስልክ በኪሱ አለው።

ሰኞ ጠዋት ለእያንዳንዱ ስፖንሰር በዋትስአፕ የሚላክ አጭር መልእክት ብዙ ይሠራል። ሦስት ፎቶግራፎች ይበቃሉ፤ ከእነርሱም አንዱ የዚያ ሱቅ ስም በግልጽ የሚነበብበት ይሁን። ውጤቱ ሳይቀባባ ይነገር፦ በምድባችን አራተኛ ወጣን፣ ወይም ካምቢዮው ተሰበረና ወጣን። ቀጥሎ የሚደረገው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገለጽ። ይህ መልእክት በጅምላ የሚላክ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። ለጎሚስታው ስለ ጎማው፣ ለምግብ ቤቱ ባለቤት ስለ ቡድኑ እራት የምትነገር አንዲት ቃል ለእርሱ ብቻ መጻፉን ታሳያለች።

የተሰጠ ዕቃ ምን እንደደረሰበት መናገርም የዚሁ አካል ነው። ሁለት ጎማ የሰጠ ሰው ጎማዎቹ የት እንደገቡ ማወቅ ይፈልጋል። የኬዶንግ ድንጋይ የሸረከተውን ጎማ ወደ ሱቁ መልሶ መውሰድ እንደ ወቀሳ ሊታይ ይችላል የሚል ስጋት አለ። ነገር ግን ጎማው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደና በምን እንደተመታ ተጽፎበት በሱቁ በር ላይ ቢቀመጥ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቅበት ነገር ይሆናል። ከየትኛውም ስቲከር ይልቅ ይነገርለታል።

ከፎቶግራፉም ሆነ ከጎማው በላይ ሰውን የሚያስቀረው ግን ተሳትፎ ነው። መኪናው ከውድድሩ በፊት ባለው ሳምንት በሱቁ ፊት ግማሽ ቀን ቢቆም፣ የሰፈሩ ልጆች መሪውን ይዘው ፎቶግራፍ ቢነሱ፣ የባለሱቁ ልጅ የራስ ቁሩን አጥልቃ ብትስቅ፣ ያ ቤተሰብ ውድድሩን የራሱ ያደርገዋል። የጋራዡ ሠራተኞች በጥገናው ሥፍራ እንዲገቡ የሚያስችል ባጅ ማግኘትም ትልቅ ስጦታ ነው። አዘጋጆች ቁጥሩን ስለሚወስኑ አስቀድሞ መጠየቅና ለማን እንደሚሰጥ ማሰብ ይገባል። ለጓደኛ ተሰጥቶ ለጎሚስታው የቀረ ባጅ ቅሬታው ዓመት ያልፋል።

ስፖንሰሮችን እርስ በርስ ማስተዋወቅ ብዙዎች የማያስቡት መንገድ ነው። የውኃ ታንከር ባለቤቱ ጎማ ይገዛል፤ ጎማ ሻጩ ለሠራተኞቹ ምሳ ያዝዛል፤ ምግብ ቤቱ ውኃ ያስመጣል። አሽከርካሪው በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉንም ለሻይ ቢጠራና አንዱ ከሌላው ጋር ቢገበያይ ስፖንሰርነቱ ወጪ መሆኑ ይቀራል። ያን ጊዜ ባለሱቁ በኖቬምበር የሚያስበው ከመኪናው የሚያገኘውን ብቻ አይሆንም፤ ከዚያ ማኅበር ቢወጣ የሚያጣውንም ነው።

አደጋ ሲደርስ

ራሊ አደገኛ ስፖርት ነው። መኪና ሲገለበጥ ፎቶግራፉ በደቂቃዎች ውስጥ በየስልኩ ይዞራል፤ በተገለበጠው ኮፈን ላይ የሱቁ ስም በግልጽ ይነበባል። ከሕክምናና ከቤተሰብ ቀጥሎ ከሚደወልላቸው ሰዎች መካከል ስፖንሰሩ መኖር አለበት፤ ወሬውን ከፎቶግራፉ መስማት የለበትምና። ተመልካች ከተጎዳ ደግሞ ስለ ውጤትና ስለ ምስጋና የሚነገርበት ጊዜ አይደለም። ፎቶግራፎችን አለማሰራጨት፣ ከአዘጋጁ መግለጫ በፊት አስተያየት አለመስጠት፣ ስፖንሰሩ ስሙ ለጊዜው እንዲነሳለት ቢጠይቅ ያለ ክርክር ማንሳት ከአሽከርካሪው ይጠበቃል።

በተራ ቀን የሚፈጠረውም እንዲሁ ነው። የሱቅ ስም የተለጠፈበት መኪና በቲካ መንገድ ላይ ሌሎችን እያስደነገጠ ቢበር ስልክ የሚደወለው ለአሽከርካሪው አይደለም። የሚደወለው ቁጥሩ በበሩ ላይ ለተጻፈው ሱቅ ነው።

አንድ ትልቅ ወይስ አሥር ትናንሽ?

ትልቅ ስፖንሰር የሚያስገኘውን ዕድል መካድ አይቻልም። ኬንያዊው ማክሬይ ኪማቲ እአአ በ2022 በስዊድን በረዶ ላይ በዓለም የወጣቶች ራሊ ሻምፒዮና የተወዳደረው በጎማ መሸጫ ድጋፍ አልነበረም። እንዲህ ያለው ዕድል ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነው፤ ትልቅ ገንዘብም ሲሄድ ሳይሰናበት ይሄዳል። በጃንዩወሪ 2018 ስፖርትፔሳ የተሰኘው የውርርድ ድርጅት በግብር ጭማሪ ምክንያት በኬንያ የሚሰጠውን የስፖርት ድጋፍ ሲያቋርጥ ጎር ማሂያንና ኤኤፍሲ ሌፐርድስን የመሳሰሉ አንጋፋ የእግር ኳስ ክለቦች በአንድ ማስታወቂያ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የትምባሆ ኩባንያዎች ለዓመታት የሳፋሪ ራሊን ስም ሳይቀር ይዘው ነበር፤ የኬንያ የ2007 የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ ያን በር ዘጋው። ሳፋሪ ራሊ ራሱም ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ እስከ 2021 ሳይመለስ ሲቆይ ከምክንያቶቹ አንዱ የገንዘብ እጥረት ነበር።

አሥር ትናንሽ ስፖንሰሮች ያሉት አሽከርካሪ አንዱ ቢሄድ አንድ አሥረኛ ያጣል። ዋጋው ድካም ነው፤ አሥር ስልክ፣ አሥር መልእክት፣ አሥር ዓይነት ጠባይ። ሥራውን ከረዳት አሽከርካሪው ወይም ከቤተሰብ አባል ጋር ካልተካፈለ ይከብደዋል።

በምርጫ ዘመን የሚመጣ ፖለቲከኛ ግን በተለየ ዓይን መታየት አለበት። ገንዘቡ ፈጣን ነው፤ ፎቶግራፉ ግን ከምርጫው በኋላም ይኖራል፤ ከተቃራኒው ወገን የሆነው የሃርድዌር መደብር ባለቤትም ያየዋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመኪና እሽቅድድም የኬንያን ያህል ስፋት የለውም፤ መንገዱም የተለየ ሆኗል። መንግሥት እአአ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ፣ ያገለገለ ሱባሩ አስገብቶ ለውድድር የማዘጋጀትን የጎረቤት አገሮች ልማድ አዳጋች አድርጎታል። ከ2019 ጀምሮ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን መታገዱም ለስፖርት በሰፊው ሲከፍሉ የነበሩትን ቢራ ፋብሪካዎች እጅ ሰብስቧል። የቀሩት ጎሚስታው፣ ዘይት ሻጩና ጋራዡ ናቸው። እነርሱን የማግኘቱና የማቆየቱ ሥራ ከግሮጋኑ ብዙም አይለይም።

ስፖንሰር ሲሰናበት

ባለሱቁ ገበያው ቀዝቅዞበት “በዚህ ዓመት አልችልም” ቢል የሚመከረው ምክንያቱን አለመከራከር፣ የዓመቱን ፎቶግራፎች አሳጥቦ ማድረስና በሚቀጥለው ውድድር ሻይ ይዞ እንዲመጣ መጋበዝ ነው። ብዙዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ይመለሳሉ። ስቲከሩ ግን ከሚቀጥለው ፍተሻ በፊት፣ ባለሱቁ ራሱ አውቆት፣ በሙቅ ውኃና በጥንቃቄ መነሳት አለበት። ሳይከፍል የተለጠፈ ስም በቦታው ከቆየ በዚያ ሙያ ያለ ሌላ ነጋዴ ቦታው የተያዘ ይመስለዋል። የሚከፍሉት ዘጠኙም ለምን እንደሚከፍሉ መጠየቅ ይጀምራሉ።